ዝሆን ያልነካው ሕመም፦ «ዘ ኤለፈንት ማን» በሐኪም ዓይን ሲመዘን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የበሽታን ስም የሚያወጣው ግን ሐኪም ነው፤ ሐኪም ደግሞ ሰው በመሆኑ ይሳሳታል። የተሳሳተ ስም አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ እርሱን ለማረም ስንት ዘመን እንደሚፈጅ፣ እስከዚያውም ድረስ በሕመምተኞች ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት የሚሻ የጤና ባለሙያ፣ «ዝሆን ሰው» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀውን የጆሴፍ ኬሪ ሜሪክን ታሪክ ቢመለከት ብዙ ይማራል።

ይህ ታሪክ ለብዙው ሕዝብ የደረሰው ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው «ዘ ኤለፈንት ማን» በተሰኘው ፊልም አማካይነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ኸርት ሜሪክን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ደግሞ ሐኪሙን ፍሬደሪክ ትሬቭስን ሆነው የተጫወቱበት ይህ ፊልም በ8 ዘርፎች ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። በኪነ ጥበብነቱ የተመሰገነ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ለጤና ባለሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ፊልሙ ስለ ሕመሙ ምን ያስተምራል? ምንስ ይሸፍናል? የሚለው ነው። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። አንድ እግሩ ወይም አንድ እጁ ከሌላው በልጦ የሚያድግ፣ ቆዳው በቀይ ነጠብጣብ የተሸፈነ፣ የደም ሥሮቹ ያበጡ ሕፃን ዛሬም ወደ ጤና ተቋም በሚመጣበት ጊዜ የሚገጥመው ዕድል የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነውና።

ከፊልሙ በስተጀርባ ያለው እውነት

ጆሴፍ ሜሪክ ነሐሴ 5 ቀን 1862 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ተወለደ። ሲወለድ ጤናማ ሕፃን ይመስል ነበር። ሕመሙ መታየት የጀመረው ከሕፃንነቱ የመጀመሪያ ወራት በኋላ ሲሆን ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋ ሄደ። በልጅነቱ ወድቆ ዳሌው ላይ በደረሰበት ጉዳት ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖሯል። እናቱን በ1873 በሞት ካጣ በኋላ በሲጋራ ማምረቻ ሠርቶ ነበር፤ ቀኝ እጁ ሥራ መሥራት እስኪሳነው ድረስ በማደጉ ሥራውን ተወ። እየዞረ ሸቀጥ ለመሸጥ ሞከረ፤ ሰው በመልኩ እየፈራ ሸሸው። በመጨረሻም ድሆች እየተሰበሰቡ በሥራ ወደሚጦሩበት የሌስተር መጠለያ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ሲል በ1884 ራሱን ለእይታ አቅርቦ ለመኖር ወሰነ። በለንደን ኋይትቻፕል መንገድ ከለንደን ሆስፒታል ፊት ለፊት በነበረ ሱቅ ውስጥ ሲታይ ነው ትሬቭስ ያገኘው።

ትሬቭስ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሜሪክን ለለንደን የፓቶሎጂ ማኅበር አቀረበ፤ በ1885ም ዝርዝር መግለጫውን አሳተመ። ሜሪክ ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ አህጉር ተሻግሮ ሲታይ ቆይቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአሳዳሪው ተዘርፎ በ1886 ወደ ለንደን ተመለሰ። የሆስፒታሉ ሊቀ መንበር ካር ጎም ለ«ታይምስ» ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ አማካይነት ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ሜሪክ በሆስፒታሉ ውስጥ እየተጦረ ኖሮ ሚያዝያ 11 ቀን 1890 በ27 ዓመቱ አረፈ።

ፊልሙ የተሳካለት

የሊንች ፊልም ትልቁ ብርታት ተመልካቹን እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው። ፊልሙ የሜሪክን ፊት ቶሎ አያሳይም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የተመልካቾቹ ፊት ነው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሕመምተኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ እንደ ጥላ ብቻ ይታያል፤ የሐኪሙ ድምፅ ደግሞ የአካሉን ጉድለት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህ ትዕይንት ስብሰባ ላይ ሕመምተኛ አቅርቦ የሚያውቅ ሐኪምን ሁሉ ማሳሰቡ አይቀርም። ገለጻው ትክክል ነው፤ የሚገለጸው ሰው ግን በክፍሉ ውስጥ የሌለ ያህል ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ብርታት የፊት ገጽታው ሥራ ነው። ክሪስቶፈር ታከር የኸርትን የፊት ለውጥ የሠራው በለንደኑ ሆስፒታል ተጠብቆ ከቆየው የሜሪክ አካል ቅርጽ በመነሣት ነበር። ስለዚህ በፊልሙ የሚታየው የራስ ቅል እብጠት፣ የተንጠለጠለው ቆዳ፣ የተጋነነው ቀኝ እጅና ምንም ያልነካው ግራ እጅ ፈጠራ አይደሉም። አንድ የጤና ባለሙያ ፊልሙን ድምፁን አጥፍቶ እንኳ ቢያየው ዋናውን የምርመራ ምልክት ማለትም የአካል ክፍሎች ያለ ሥርዓት መለያየትን ሊያስተውል ይችላል።

ሦስተኛው፣ ፊልሙ ሐኪሙን ያለ ጥያቄ አያልፈውም። ትሬቭስ ሜሪክን ከሱቅ አውጥቶ ወደ ሆስፒታል ሲያስገባው የከበሩ ሰዎች እየመጡ ይጎበኙታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ከትርዒት አሳዪው በምን እንደሚለይ ይጨነቃል። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ሳይመለስ መቅረቱም ተገቢ ነው።

ፊልሙ ያጎደለው

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ስሙ ነው። ሜሪክ ራሱ ፊርማውን ጆሴፍ ብሎ ሲፈርም የኖረ፣ የሆስፒታሉም ሊቀ መንበር በጋዜጣ ጆሴፍ ብሎ የጠራው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ትሬቭስ በ1923 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ «ጆን» ብሎታል። ፊልሙም ይህንኑ ተከትሏል። አራት ዓመት ያህል በቅርብ ያስታመመውን ሰው ስም የሳተ ሐኪም በሌላው ትረካው ሁሉ ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ተገቢ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከትርዒት አሳዪው ጋር የተያያዘ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጨካኝ ሰካራም «ባይትስ» ፈጠራ ነው። ሜሪክን በለንደን ያሳየው ቶም ኖርማን የትሬቭስን ትረካ አጥብቆ የተቃወመ ሲሆን፣ ሜሪክ ገንዘብ ያጠራቅም የነበረው በዚያው ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ኖርማን በኋላ በጻፈው ትዝታ መሠረት ሜሪክ ወደ ሆስፒታሉ ተመላልሶ መመርመርን የጠላው፣ በሐኪሞች ፊት ራቁቱን ሲቆም በገበያ እንደሚገመገም ከብት የተቆጠረ ስለመሰለው ነበር። ኖርማን የራሱ ጥቅም ያለው ምስክር በመሆኑ ቃሉ ሁሉ እንዳለ አይወሰድ ይሆናል። የትሬቭስም ቃል ቢሆን እንዲሁ መመዘን ነበረበት። ፊልሙ ግን ክፋትን ሁሉ ለድሃው ትርዒት አሳዪ፣ ደግነትን ሁሉ ለሆስፒታሉ በማከፋፈል፣ ራሱ ያነሣውን ጥያቄ መልሶ አቅልሎታል።

ሦስተኛው ጉድለት ዝሆኑ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በዝሆኖችና በምትጮህ ሴት ምስል ነው። ባይትስም እናቲቱን ስሟ በማይታወቅ የአፍሪካ ደሴት ላይ የዱር ዝሆን እንደመታት ለተመልካቾቹ ይናገራል። በእውነተኛው ታሪክ ሜሪክና ቤተ ሰቡ ያምኑት የነበረው እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ በዚያው በሌስተር ከተማ በትርዒት ዝሆን መደንገጧን ነበር። ይህ እምነት በዚያ ዘመን የሠለጠኑ ከሚባሉት አገሮች አልጠፋም ነበር፤ በየትኛውም አገር የሚገኝ ነው። በእኛም ዘንድ ሲወለድ የነበረ የቆዳ ምልክት «ማርያም ስማው ነው» ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች በልጁ ላይ ምልክት ይወጣል የሚል አነጋገርም ይሰማል። አባባሉ ለእናት ማጽናኛ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን የአንድን ሕፃን እግር ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሸፈነ ቀይ ምልክት «ማርያም ስማው» ተብሎ ሲታለፍ፣ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ችግር ሳይመረመር ይቀራል። በአንጻሩ ደግሞ «ደንግጠሽ ነው» ወይም «አምሮትሽ ነው» የሚለው ቃል እናቲቱን የልጇ ሕመም ጥፋተኛ ያደርጋታል። ፊልሙ ዝሆኑን በሕልም መልክ ሲያሳይ ይህን ክስ አላፈረሰውም፤ አስጊጦ አቆየው እንጂ።

አራተኛውና ለሐኪም ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ጊዜን መርሳቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሜሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። የሕፃንነቱ ጤናማነት፣ ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ፣ በየዓመቱ የገፋበት መንገድ አይታይም። ሕመሙን ከሌሎች የሚለየው ዋናው ነገር ግን ይኸው ሂደት ነው። ያለ ሂደት የቀረበ ሕመምተኛ እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ያሳዝናል እንጂ አያስመረምርም።

የአንድ ሕመም ሦስት ስሞች

ሜሪክ በሕይወት ሳለ ሕመሙን የቆዳ ሐኪሙ ራድክሊፍ ክሮከር ከቆዳ መላላትና መወፈር ጋር ከሚያያዙ ሕመሞች መድቦት ነበር፤ የአጥንቱን ለውጥ ግን የሚያስረዳለት ስም አላገኘም። ትሬቭስ ለ1885 ጽሑፉ የሰጠው ርእስ «አብሮ የተወለደ የአካል ጉድለት» የሚል ትሑት ርእስ ነበር። ስም አልሰጠም፤ ያየውን ግን በጥንቃቄ ጽፏል።

ስሙን የሰጠው ፍሬደሪክ ፓርክስ ዌበር ነው። ዌበር ሜሪክን ያስታመመው ሐኪም አልነበረም፤ በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ግን ሕመሙ የፎን ሬክሊንግሃውዘን በሽታ ማለትም ኒዩሮፋይብሮማቶሲስ ነው አለ። ይህ ስም ለ77 ዓመታት ያለ በቂ ማስረጃ ጸንቶ ኖረ። ሜሪክ ላይ የዚህ በሽታ መለያ የሆኑት ቡና በወተት የሚመስሉ የቆዳ ነጠብጣቦች አልተመዘገቡም፤ የነርቭ ዕጢ መኖሩም በሥነ ሕዋስ ምርመራ አልተረጋገጠም ነበር። የዚህ ስሕተት ዋጋ የተከፈለው በሌሎች ነው። ኒዩሮፋይብሮማቶሲስ በቤተ ሰብ የሚተላለፍና ከብርቅዬዎቹ ሕመሞች ይልቅ እጅግ የሚበዛ በሽታ ነው። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎችና ወላጆቻቸው «የዝሆን ሰው በሽታ ነው ያለባችሁ» እየተባሉ፣ ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይችለውን የሜሪክን መልክ በመፍራት ኖረዋል።

ስሙን ያረሙት በ1986 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የጻፉት ቲብልስና ኮኸን ናቸው። ማይክል ኮኸን ከፓትሪሺያ ሄይደን ጋር በ1979 ሕመሙን እንደ አዲስ ገልጾ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ሩዶልፍ ዊደማን በ1983 መልኩን እየለዋወጠ በሚታየው የግሪኮች አምላክ ስም «ፕሮቴየስ» ብሎ ሰየመው። ቲብልስና ኮኸን ለመደምደሚያቸው የተጠቀሙበት ዋናው ማስረጃ ትሬቭስ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈው መግለጫና የተጠበቀው አጽም ነበር፤ ማለትም የራስ ቅሉ አጥንት መወፈርና መጉበጥ፣ የረጃጅም አጥንቶች ከመጠን ያለፈ እድገት፣ የእጅና የእግር ቆዳ መወፈር፣ በተለይም የውስጥ እግር ቆዳ መግዘፍ ናቸው። እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። የዌበር እርግጠኛ ስም እውነቱን 77 ዓመት ሸፈነው፤ የትሬቭስ ስም አልባ መግለጫ ግን እውነቱን አቆይቶ አስረከበ።

በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች የፕሮቴየስ ሕመም መንስኤ «ኤኬቲ1» በተባለው ዘረ መል ላይ የሚከሰት አንድ ለውጥ መሆኑን አሳዩ፤ ከ29 ሕመምተኞች በ26ቱ ላይ ተገኝቷል። ለውጡ ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ አይደለም። ከጽንስ በኋላ በአንዲት ሕዋስ ላይ ተከስቶ ከእርሷ በተራቡት ሕዋሳት ብቻ ይገኛል። ለዚህ ነው ሕመሙ ሰውነትን እንደ ተቀጣጠፈ ጨርቅ አንዱን ነክቶ ሌላውን የሚተወው። ለዚህም ነው የደም ናሙና ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳይ የሚቀረውና ናሙናው ከተጎዳው አካል መወሰድ የሚገባው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋጤም ሆነ አምሮት፣ ኃጢአትም ሆነ እርግማን ምክንያት አለመሆኑን ለእናት በሙሉ አፍ መናገር የሚቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሜሪክ የራሱ ሕመም በዘረ መል ምርመራ አልተረጋገጠም፤ ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ ካሉት አስተያየቶች ሁሉ ከማስረጃው ጋር የሚስማማው ፕሮቴየስ ነው።

ትክክለኛው ስም ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ስሕተት ተከተለ። አካሉ ያለ መጠን ያደገ ሕመምተኛ ሁሉ «ፕሮቴየስ» መባል ጀመረ። በ1999 የምርመራ መስፈርት ወጣ፤ የሕመሙ ስርጭት የተቀጣጠፈ መሆን፣ እየገፋ መሄዱና በቤተ ሰብ ውስጥ አለመደጋገሙ የግድ መሆናቸው ተደነገገ። በ2004 የወጣ ግምገማ በጽሑፎች «ፕሮቴየስ» ተብለው የተዘገቡ 205 ሕመምተኞችን መርምሮ መስፈርቱን ያሟሉት 97 ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሌላ ሕመም ባለቤቶች ነበሩ ማለት ነው።

የዌበር ሌላው ስም

የሚገርመው፣ ሜሪክን የተሳሳተ ስም የሰጠው ዌበር በዚሁ የሕመም ዘርፍ ውስጥ ስሙ ዛሬም የሚነሣ መሆኑ ነው። በ1900 ፈረንሳውያኑ ክሊፔልና ትሬኖኔ ቀይ የቆዳ ምልክት፣ ያበጡ ደም መልሶችና የአጥንትና የሥጋ ከመጠን ያለፈ እድገት በአንድ እግር ላይ ተጣምረው የሚታዩበትን ሕመም ገለጹ። ዌበር በ1907 እና በ1918 ተመሳሳይ ሕመምተኞችን ሲገልጽ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ከደም ቅዳ በቀጥታ ወደ ደም መልስ የሚሻገር መተላለፊያ መኖሩን አመለከተ። ከዚያ በኋላ የመጡ መጻሕፍት ሁለቱን አጣምረው «ክሊፔል–ትሬኖኔ–ዌበር» አሏቸው። ይህ ጥምር ስም እስከ አሁን በአንዳንድ መጻሕፍትና የሕመምተኛ ካርዶች ላይ ይታያል፤ ሊተውም ይገባዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በክሊፔል–ትሬኖኔ ያለው የደም ፍሰት ዝግተኛ ነው፤ የተጎዱት ካፒላሪ የሚባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ ደም መልሶችና የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። በፓርክስ ዌበር ሕመም ያለው ፍሰት ፈጣን ነው፤ ደም በአቋራጭ ስለሚሻገር ልብ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች፤ ውሎ አድሮም ትደክማለች። የመጀመሪያው በአብዛኛው «ፒአይኬ3ሲኤ» በተባለው ዘረ መል ላይ ከጽንስ በኋላ በሚከሰት ለውጥ ይመጣል። ሁለተኛው በብዙ ሕመምተኞች ላይ «ራሳ1» ከተባለው ዘረ መል ጋር የተያያዘ ሲሆን በቤተ ሰብ ሊወረስ ይችላል። ስለዚህ «ሌላ ብወልድስ?» ብላ ለምትጠይቅ እናት የሚሰጠው መልስ በሁለቱ ሕመሞች የተለያየ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ይህን ሁሉ ልዩነት ማጥፋት ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ እጅና ጆሮ ነው። የተጎዳው እግር ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚርገበገብ ከሆነ፣ በማዳመጫ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ፍሰቱ ፈጣን ነው። መተላለፊያው ሲጫኑት የልብ ምት ከቀነሰ ሸክሙ ለልብ መድረሱን ያመለክታል። እነዚህ ከሌሉ፣ በአንጻሩ ደግሞ በጭኑ ውጫዊ ጎን የሚወርድ ያበጠ ደም መልስና በቀዩ ምልክት ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፍሬዎች ካሉ ወደ ክሊፔል–ትሬኖኔ ያደላል። ከዚያ በኋላ ዶፕለር አልትራሳውንድ ነገሩን ያጸናል። የሁለቱ እግሮች ርዝመትና ዙሪያ በሴንቲሜትር ተለክቶ በካርዱ ላይ በየጊዜው መጻፍ አለበት፤ ሂደቱን የሚያሳየው ይኸው ነውና።

በአገራችን ያለው ዝሆን

«ዝሆን» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው። «ዝሆኔ» ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው በደጋው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚያርስ ገበሬ እብጠት ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ይህ ሕመም ከትል የማይመጣ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት ከተፈጠረ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረድቶ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰይሞታል። በቆላማው ምዕራብ ደግሞ በትንኝ የሚተላለፈው ፋይሌሪያሲስ አለ።

በእነዚህ ብዛት ምክንያት አብሮ የተወለደው ብርቅዬ ሕመም በ«ዝሆኔ» ስም ተውጦ ሊቀር ይችላል። መለያው ግን ከባድ አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣቶችና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአብዛኛው ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ሲወለድ አይታይም። አብሮ የተወለደው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይወሰናል፤ የቆዳ ምልክቱ ከልደት ጀምሮ አለ፤ አጥንቱም ጭምር ይረዝማል። «ይህ ሲወለድ ነበረ ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ብዙ ስሕተት ያድናል። ለእግር እጥበት፣ ለጫማና ለማሰሪያ የሚሰጠው ምክር ለሁለቱም የሚጠቅም ቢሆንም፣ ፈጣን ፍሰት ያለበትን እግር ያለ ምርመራ አጥብቆ ማሰርም ሆነ መብጣት አደጋ አለው።

ሕክምናው ምን ደረሰ?

በሜሪክ ዘመን ሐኪም ማድረግ የሚችለው እድገቱን መቁረጥ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሌስተር ከአፉ የወጣው ሥጋ በከፊል ተቆርጦለታል። ዛሬ የሕክምናው መሠረት ሌላ ነው። በዝግተኛ ፍሰት ሕመሞች ላይ የሚለጠጥ ማሰሪያ ወይም ካልሲ፣ የቆዳ ንጽሕና፣ ኢንፌክሽንን ቶሎ ማከም፣ ሕመምን ማስታገስና አጭሩን እግር በጫማ ማስተካከል ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና ይቀድማሉ። የርዝመት ልዩነቱ በእድገት ማብቂያ ላይ ጉልህ እንደሚሆን ከታየ፣ የአጥንቱን ማደጊያ በተገቢው ዕድሜ በቀዶ ሕክምና ማስቆም ይቻላል። ይህ ግን ልጁ ሳያድግ መታወቅ አለበት።

ያበጡትን ደም መልሶች ማውጣት ወይም መዝጋት ከማሰብ በፊት፣ የውስጠኛው ደም መልስ መኖሩና መሥራቱ መረጋገጥ ይኖርበታል። ውስጠኛው ከሌለ ወይም ጠባብ ከሆነ፣ ላይኛውን የዘጋ ሐኪም የእግሩን ብቸኛ መመለሻ መንገድ ዘጋ ማለት ነው። ሌላው የማይረሳ ነገር የደም መርጋት ነው። በፕሮቴየስም ሆነ በክሊፔል–ትሬኖኔ ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም ሕይወት ይቀጥፋል፤ በፕሮቴየስ ያለ ዕድሜ ከሚያስሞቱት ምክንያቶች ዋናው ነው። ስለሆነም በቀዶ ሕክምና፣ በእርግዝናና በረዥም ጊዜ መተኛት ወቅት መከላከያው አስቀድሞ ይታሰባል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያም ለእነዚህ ሴቶች አይመረጥም። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሳንባ ምች ተብሎ ብቻ ወደ ቤቱ መላክ የለበትም።

በመድኃኒት ረገድ ለንቅለ ተከላ የሚያገለግለው ሲሮሊመስ ለደም መልስና ለሊምፍ ችግሮች ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በ2018 በፓሪስ የኔከር ሆስፒታል ሐኪሞች በ«ፒአይኬ3ሲኤ» ለውጥ የታመሙ 19 ሰዎችን አልፔሊሲብ በተባለው መድኃኒት አክመው መሻሻል ማየታቸውን ዘገቡ። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ለከባድ ሕመምተኞች ፈቀደ። መድኃኒቱ የሚያግደው የ«ፒአይኬ3ሲኤ»ን ሥራ ነው፤ በፕሮቴየስ ያለው ስሕተት ግን በመልእክት ቅብብሉ ከእርሱ ዝቅ ብሎ በ«ኤኬቲ1» ላይ ይገኛል። በመሆኑም ስምን መለየት ከቃላት ክርክር አልፎ የመድኃኒት ምርጫ ሆኗል። መድኃኒቱ ውድ መሆኑና በብዙ አገሮች አለመገኘቱ እውነት ነው። ሆኖም በትክክል የተጻፈ ካርድ ያለው ሕፃን መድኃኒቱ በሚደርስበት ቀን ሊጠቀምበት ይችላል፤ «ዝሆኔ» ተብሎ የተመዘገበው ግን አይችልም።

ማጠቃለያ

«ዘ ኤለፈንት ማን» ሊታይ የሚገባው ፊልም ነው። ሰውን ከመልኩ ባሻገር ማየትን ያስተምራል፤ ሐኪምንም በመስተዋት ፊት ያቆማል። ይሁን እንጂ ርኅራኄን ከእውቀት ለይቶ ያቀረበ ሥራ ነው። ሕመምተኛው ስሙ ተለውጧል፤ እናቱ በዝሆን ተከሳለች፤ የሕመሙም ሂደት ጠፍቷል። ርኅራኄ ብቻ ለሜሪክ ማረፊያ ክፍል ሰጠው፤ ሌላ ብዙ ሊሰጠው የሚችል እውቀት በዘመኑ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።

ከዚህ ታሪክ የጤና ባለሙያው ይዞ የሚወጣው ትምህርት በትሬቭስ ሁለት ጽሑፎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። የ1923ቱ መጽሐፍ የተዋበ ትረካ ነው፤ ስሙን ግን ስቷል። የ1885ቱ መግለጫ ደረቅ ነው፤ ለሕመሙ ስም መስጠት አልደፈረም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ለትክክለኛው ምርመራ ምስክር ሆኖ ቆመ። በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል እንዲህ ያለ ሕፃን ሲገኝ፣ ስሙን የማያውቅ ባለሙያ ማፈር የለበትም። ልብሱን በአክብሮትና በፈቃድ አስወልቆ ሁለቱን ወገን ያወዳድር፣ ይለካ፣ ይዳስስ፣ ያዳምጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ያየውንም ይጻፍ። ስሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።